ሳይነበብ የተፈረመበት መጽሐፍ

ሔለን የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ነው። በዚያ ክረምት ጉሙ ከውሃው ላይ ሳይነሣ ይውል ነበር።

በአጥቢያዋ ሰንበት ትምህርት ቤት አንዲት የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ነበረች። ቁም ሣጥኗ ትንሽ ብትሆንም ሕጓ ጽኑ ነበር። ስለ ዕፅዋት፣ ስለ እንስሳት ወይም ስለ ሳይንስ የተጻፈ መጽሐፍ ሲመጣ፣ መምህሩ ጋሽ ወልዴ ለታናናሾቹ ወዲያው አይሰጡም። አስቀድሞ ከትልልቆቹ ልጆች አንዱ ከዳር እስከ ዳር ያነብበዋል። በመጽሐፉ ያገኘውን ዛፍና ፍሬም ለሰፈሩ ዐዋቂዎች እያሳየ ይጠይቃል። ከዚያ በፊተኛው ገጽ ላይ፣ «አንብቤዋለሁ፤ ጠይቄአለሁ፤ ለታናናሾቼ ይሆናል» ብሎ ስሙን ይጽፋል። ስሙም እሑድ በወላጆች ፊት ይነበባል።

ልጆቼ፣ ስም በጉባኤ ሲነበብ መስማት ደስ ይላል። ሔለን ግን ከንባቡ ይልቅ ይህን ደስታ ትመኝ ነበር።

በሰኔ ወር ጋሽ ወልዴ ሁለት መጻሕፍት ሰጧት።

«ከሁለቱ ለትንንሾቹ የሚሆነውን ምረጪ» አሏት።

አንደኛው ስስ ነው። በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ዙሪያ ስለሚበቅሉ ዕፅዋት ይናገራል። ሽፋኑ ግራጫ፣ ሥዕሉም በእርሳስ የተሣለ ነው። ሁለተኛው ከባሕር ማዶ መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ወረቀቱ ያብረቀርቃል፤ ሥዕሎቹ በቀለም ያሸበረቁ ናቸው።

«ይኼ ግራጫውማ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል» ብላ ሔለን ሳትገልጠው ወደ ጎን አኖረችው።

ከሚያብረቀርቀው ዐሥራ ሁለት ገጽ አነበበች። ከዚያ በኋላ ሥዕል ሥዕሉን ብቻ እያየች አለፈች። ቅዳሜ ዕለት ታቅፋው ስትሄድ ጎረቤታቸው ራዚያ ከአጥራቸው ሥር ሆነው ተጣሩ። ራዚያ የሰፈሩን ቅጠልና ሥር ሁሉ በስሙ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

«ሔሉዬ፣ ምንድን ነው እሱ? እስቲ ሥዕሉን አሳዪኝ!»

«ሌላ ቀን፣ እትዬ ራዚያ። አሁን ቸኩያለሁ!»

«አይ የዛሬ ልጅ! እንደ ባጃጅ ልትበሪ ነው?» አሉ እየሳቁ።

በማግስቱ ጋሽ ወልዴ ጠየቋት።

«እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሰውስ ጠይቀሻል?»

ሔለን በእጃቸው ያለውን ብዕር አየች።

«ጠይቄአለሁ።»

ብዕሩን ተቀብላ በሚያምር ጽሕፈት ስሟን ጻፈች። ስሟም ተነበበ። እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡ።

መጽሐፉን መጀመሪያ የተዋሰው ምስጋናው ነበር። ምስጋናው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ከእናቱ ከወይዘሮ የሺሀረግ ጋር ከደሴ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ የአገሩን ቁጥቋጦ አያውቅም። በመጽሐፉ መካከል ቀይ ፍሬ በዘለላ ተንጠልጥሎ ተሥሏል። ከበላዩ በትልልቅ ፊደል፣ «ልጆች ይህን ፍሬ ለቅመው ይበሉታል» ይላል። ከገጹ ግርጌ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ «በእኛ አገር አይበቅልም፤ እርሱን የሚመስል መርዛም ፍሬ ስላለ ዐዋቂ ሳትጠይቁ አትቅመሱ» ይላል። ምስጋናው ትልልቁን ፊደል እንጂ ደቃቁን ማንበብ ገና አልለመደም።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ሔለን የራዚያን ጩኸት ሰማች። ሮጣ ስትደርስ ምስጋናው ከአጥሩ ሥር ተጣጥፎ ያስታውካል። መጽሐፉ ጭቃው ላይ ተከፍቶ ወድቋል።

«ያ አላህ! እንዶድ እኮ ነው የበላው!» አሉ ራዚያ። «ልብስ የምናጥብበት! ዓሣ የሚገድል! ሀምዳን! ባጃጅህን አስነሣ፣ ፍጠን!»

ልጃቸው ሀምዳን ባጃጁን አስነሣ። ራዚያ ሕፃኑን አቀፉ። ለሐኪሙ የሚያሳዩትንም አንድ የእንዶድ ዘለላ ከአጥራቸው ላይ ቀንጥሰው ያዙ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አታልቅሺ» አሏት ሔለንን። «ሮጠሽ እናቱን ጥሪ።»

ምስጋናው ሦስት ቀን በጤና ጣቢያ ተኛ። ነፍሱ ተረፈች፤ ሰውነቱ ግን አለቀ።

እሑድ ዕለት ወይዘሮ የሺሀረግ በጉባኤው መካከል መጽሐፉን በጋሽ ወልዴ እግር ሥር ጣሉት።

«ለሕፃን የሚሰጡት ይህንን ነው? እርስዎን ብሎ መምህር!»

ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብለው መጽሐፉን አነሡ። ፊተኛውን ገጽ ገለጡ፤ የሔለንን ስም አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ዘጉት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

የሰበካው ሽማግሌዎች ቁም ሣጥኗን ቆልፈው ቁልፉን ወሰዱ። ሔለን ከምሰሶው ኋላ ቆማ ሁሉን ሰማች። ወደ ፊት ግን አልወጣችም። ልጆቼ፣ በዚያ ሳምንት ምግብ አልጣማት፤ ጨዋታም አላማራትም። ጋሽ ወልዴ በመንገድ ሲያልፉ ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩባቸው ነበር።

ሐሙስ ዕለት እናቷ ምስጋናውን እንድትጠይቅ ላኳት። ልጁ በአልጋው ላይ ነበር፤ ፊቱ ገርጥቷል።

«ሔሉ፣ ለአንቺም ይዤልሽ ነበር» አላት በሰለለ ድምፅ።

«ምን?»

«ፍሬውን። ስምሽ መጽሐፉ ላይ ስላለ ትወጃለሽ ብዬ በኪሴ አስቀርቼልሽ ነበር። እማዬ ጣለችው።»

ሔለን ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ከዚያ ወደ ወይዘሮ የሺሀረግ ዞረች።

«እትዬ፣ አላነበብሁትም። ማንንም አልጠየቅሁም። ዋሽቼ ነው የፈረምሁት።»

ወይዘሮ የሺሀረግ አላቀፏትም፤ አልተቈጧትምም።

«የሰደብሁት ጋሽ ወልዴን ነው» አሉ። «ተነሺ። አብረን እንሂድ።»

ጋሽ ወልዴ ቃሏን እስክትጨርስ አዳመጡ።

«ለምን አልተናገሩብኝም፣ ጋሼ?» አለች እያለቀሰች።

«አንቺ ራስሽ እንድትናገሪው ስጠብቅ ነበር። ስም መጻፍ ምስክርነት ነው። የሐሰት ምስክርነት በትእዛዙ የተከለከለው ሌላው ሰው በቃላችን ስለሚሄድ ነው። ምስጋናው በቃልሽ ሄደ።»

«ስሜን ልፋቀው?»

«አይፋቅም። ከሥሩ እውነቱን ጻፊበት።»

ሔለን ጻፈች። «ይህን የፈረምሁት ሳላነብ ነው። ሔለን።» እሑድም በዚያው ጉባኤ፣ ስሟ በክብር በተነበበበት ቦታ ቆማ ራሷ አነበበችው። ወይዘሮ የሺሀረግም በሰው ሁሉ ፊት ጋሽ ወልዴን ይቅርታ ጠየቁ።

ሽማግሌዎቹ ግን ቁልፉን እስከ መስከረም አልመለሱም። ትንንሾቹ ክረምቱን ያለ መጽሐፍ ከረሙ። ሔለን በቤቷ የቀረውን ግራጫ መጽሐፍ ይዛ በየቀኑ ወደ ራዚያ ትሄድ ነበር። በዘጠነኛው ገጽ የእንዶድ ሥዕል አለ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል፣ «አይበላም» ተብሎ ተጽፏል። ሔለን ያንን ገጽ ባየች ቁጥር ዐይኗ እንባ ይሞላል።

ምስጋናው ድኗል። በራዚያ አጥር በኩል ሲያልፍ ግን እስከ ዛሬ የመንገዱን ማዶ ይዞ ነው የሚሄደው። መጽሐፍ ሲሰጡትም ሳይገልጠው፣ «ማን አንብቦታል?» ብሎ ይጠይቃል።

ልጆቼ፣ ያላነበባችሁትን አንብበናል አትበሉ፤ ስማችሁን አምኖ የሚከተል ታናሽ አለና።