ዓይኑ የተከፈተው ሸራ

የሠዓሊዎች ሰፈር ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ሁለት ጊዜ ተኳርፎ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ያለው የውኃ ማሰሮ ከእንግዲህ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እንዲቀመጥ መወሰኑን ለመላው የራጃስታን ሕዝብ በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል። ማስታወቂያው ተለጥፎ ሳያበቃ ሠዓሊው ጊሱላል በገዛ ቤታቸው ሞተው ተገኙ።

የጨርቅ ማለስለሻው ድንጋይ ደም ነክቶት አጠገባቸው ወድቋል። የፈረሰኛው አምላክ የፓቡጂ ገድል የተሣለበትና ዘማሪ ዘርግቶ የሚዘምርበት ሸራ ከተሰቀለበት ቀርከሃ ተገንጥሎ ወለሉን ሞልቶ በፊቱ ተደፍቷል። ፖሊሶቹ ረግጠውት ገቡ። የወንድማቸው ልጅ ናራያንም ከሁሉ ቀድሞ ረግጦት ሮጦ ነበር፤ አጎቱን አቅፎ ሲያለቅስ ደም ስለነካው በካቴና ታሰረ።

ኢንስፔክተር ሱግና ግን ዓይኗ በባዶ እግራቸው ግድግዳ ታክከው በቆሙት ሽማግሌ ዘማሪ በሁክማራም ላይ ነበር።

«አባባ፣ መቼ መጡ?»

«አሁን፣ ከእናንተ ኋላ። ጊሱላልን ካየሁት ወር አልፎኛል።»

«አባዬ ደክሞታል፣ ቆይተው ይጠይቁት» አለ ልጃቸው ባንዋር።

ሁሉንም አስቀመጠቻቸው።

«ናራያን፣ የአጎትህን ሥራ ለምን ረገጥክ?»

«ያላለቀ መስሎኝ ነዋ። ዓይን ካልተሣለለት ጨርቅ ነው፤ እንኳን እኔ ፍየልም ይረግጠዋል።»

«ከተሣለለትስ?»

«ከዚያማ ቤተ መቅደስ ነው። በጫማ ማን ይጠጋዋል?»

ሸራውን አስገለበጠች። የፓቡጂ ዓይኖች ተከፍተዋል፤ ቀለማቸው ገና እርጥብ ነው።

«ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ላይ፣ ዘማሪው ባለበት ነው። ተደፍቶ ስለነበር ሁላችንም ሳናውቅ ረገጥነው። እርስዎ ግን ጫማዎን ደጃፍ ላይ አውልቀው፣ ግድግዳውን ታክከው ዞረው ገቡ። መከፈቱን ማን ነገረዎት?»

ሁክማራም ባዶ እግራቸውን ከሸራው አራቁ።

«ከዓይኑ በኋላ የባለ ሸራው ስም ከአምላኩ ጎን ይጻፋል። የእርስዎ ስም ያለበት አሮጌው ሸራ አርጅቶ፣ እንደ ወጉ አምና ሐይቅ ገብቷል። ይኼኛው ‹ባንዋር› ይላል።»

ባንዋር ተነሥቶ ወደ አባቱ ዞረ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ድምፅህ ደክሟል፣ ይረፍ፣ እኔ ልዘምር ብዬ...»

የናራያን ካቴና ተፈታ። ደስ አላለውም፤ ሄዶ የአጎቱን ፊት በሻርፑ ሸፈነ።

«አባዬ፣ በስም ምክንያት ነው?» አለ ባንዋር። « ጠይቀኸኝ ቢሆን እኮ አስፍቄው ነበር።»

ሽማግሌው እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።

«ድምፅህ ደክሟል ብለኸኝ የለ? አልናገርም» አሉ።