ቦታሽን ይያዝልሽ

ይሄን ስታነቡ "ፈጠራ ነው" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በሉ። እኔም በሌላ ሰው ላይ ደረሰ ሲባል ብሰማ ከት ብዬ ስቄ አልፈው ነበር። ግን የደረሰው እኔ ላይ ነው... በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ስሜን ግን አልነግራችሁም። ምክንያቱን ስትጨርሱ ትረዱታላችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ያለነው ወደ ከተማ የሚያስገባው አውራ ጎዳና ላይ... መኪና መሃል።

ቆመን የዋልንበት ሁለተኛ ቀን ነበር።

እያጋነንኩ አይደለም። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ ዓይን እስከሚደርስበት መኪና ብቻ። ድልድይ ተሰብሮ ነው የሚል አለ፣ ቦቴ ተገልብጦ ነው የሚል አለ። እውነቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ቲማቲም የጫነው አይሱዙ ከሥሩ ቀይ ውሃ ያንጠባጥባል። ወተት የጫነው ሹፌር ደግሞ የተበላሸውን ወተት አስፋልቱ ላይ ደፍቶ፣ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል።

ጎናችን የቆመችው መኪና ውስጥ ሙሽራ ነበር። እውነተኛ ሙሽራ፣ ከነሙሉ ልብሱ። ሠርጉ ትናንት አልፎበታል። እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል፣ ሚዜው ኬኩን በጣቱ እየቆረሰ ይበላል። ሚዜው ቀልደኛ ቢጤ ነው። በመስኮት ቁራሽ ኬክ አቀብሎኝ፣ ሙሽሪት ሌላ ሳታገባ እንዲደርሱ ጸልዪልን አለኝ። ከትናንት ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

እኛ ሦስት ነን። ታላቅ ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ጋቢና ነኝ፣ እማዬ ከኋላ ትራስ ተደግፋ ተጋድማለች።

የእማዬ ኩላሊት መሥራት ካቆመ ቆይቷል። በማሽን የምትታጠብበት ቀን ትናንት አለፈ። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ሳትታጠብ ካደረች ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ነግሮናል። ሦስታችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አያነሳውም።

ያኔ ነው ሰውየው የመጣው...

አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሷል። ትራፊክ ወይም የመንገድ ሠራተኛ መሰለኝ። በመኪኖቹ መሃል ቀስ እያለ ይመጣል፣ አንዱ ሹፌር ጋ ጎንበስ ይላል፣ ያንሾካሹካል፣ ያልፋል።

እኔ ላውንደሪ ቤት ልብስ ስተኩስ ነው የምውለው። ስለዚህ ሰው ሳይ ዓይኔ ቀድሞ ልብሱ ላይ ይሄዳል። ሁላችንም ጭምድድ ብለናል፣ በላብና በአቧራ ተበላሽተናል።

የሰውየው ሸሚዝ ግን አሁን ከካውያ ሥር የወጣ ነው። ጫማው ላይ አቧራ የለም። ብብቱ ላይ ላብ የለም።

ሲያናግር ደግሞ ሹፌሩን ብቻ ነው። ተሳፋሪ ቢጠራው ዞር አይልም።

ሙሽራውን ቀሰቀሰው። ብዙ አወሩ። ትንሽ ቆይቶ ሚዜው ሸሚዙን ሰብስቦ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወረደ። ወደ ኋላ ውሃ ሊቀዳ እየሄደ ጥቅሻ ጣለብኝ። ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶታል።

ከዓይኔ ሲሰወር ሙሽራው ሞተር አስነሳ።

ከፊቱ የነበሩት መኪኖች ዝም ብለው ዳር ያዙለት። ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጣና... ሄደ። ባጠገቤ ሲያልፍ የሚዜውን ወንበር አየሁት። ኮቱ ላይ የደህንነት ቀበቶ ታስሯል።

"ወንድም ጋሼ፣ ሚዜውን እኮ ጥሎት ሄደ" አልኩ።

ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰውየው የሱ መስኮት ጋ ደርሶ ነበር።

ወንድሜ ወርዶ ነው ያናገረው። ከመኪናው ኋላ ቆሙ። የሚሉት አይሰማም፣ ግን ወንድሜ ደጋግሞ ራሱን በአሉታ ሲነቀንቅ በመስታወት አይቻለሁ። ከዚያ እማዬ መስኮቷን ዝቅ አደረገች። ሰውየውን በእጇ ጠራችው። ለተሳፋሪ ዞር የማይለው ሰውዬ ለሷ ግን ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከላት፤ እሷም የሆነ ነገር መለሰችለት። ስለ ሕመሟ እያስረዳችው መስሎኝ ደስ አለኝ። ታማለች ብሎ ያሳልፈናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ወንድሜ ተመልሶ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል።

"እታለም..." አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ልጅ እያለን ነበር። "ለእማዬ ውሃ አምጪላት።"

"ግማሽ ጠርሙስ አላት እኮ።"

"ሞቋል። ቀዝቀዝ ያለ አምጪላት። ጃኬትሽን ተዪው... ቦታሽን ይያዝልሽ።"

እኛ ቤት ቦታ የሚያዘው በልብስ ነው። ልጅ እያለን ጀምሮ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት የተነሳ ሹራቡን ጥሎ ይነሳል፣ ማንም አይነካበትም። ስለዚህ ምንም አልጠረጠርኩም። ጃኬቴን አውልቄ ወንበሬ ላይ አነጠፍኩት።

ስወርድ እማዬ በመስኮቱ እጄን ያዘችኝ። ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። የሆነ ነገር ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

ከዚያ ለቀቀችኝ።

ጥቂት እንደሄድኩ ሚዜውን ከጭነት መኪናዎቹ መሃል አገኘሁት። ጀሪካኑ ባዶ ነው። ያ ቀልደኛ ልጅ ክንዴን ያዘኝ።

"ልብስሽን ትተሻል?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ጃኬቴን። ምነው?"

"የኔን ኮት ይዞ ጥሎኝ ሄደ። ሩጪ..."

ሮጥኩ። ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ። ስደርስ መኪናችን ጠርዙን ይዛ እየተንቀሳቀሰች ነበር። የኋላ በሯን በመዳፌ ደበደብኩት። እማዬ ፊቷን ወደዚያኛው ጎን አዞረች... መስኮቱን ወደ ላይ ዘጋችው።

ጋቢናው ውስጥ ጃኬቴ በቀበቶ ታስሯል።

ባዶ ልብስ እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ባዶ እጅጌ ይተኛል፣ ይታጠፋል። የኔ ጃኬት እጅጌ ግን ሞልቶ ነበር። ክርኑ ጋ ታጥፎ፣ በሩ ላይ ተደግፏል።

ወንድሜ በመስታወቱ አየኝ። እያለቀሰ ነበር፣ ግን ነዳጁን ረገጠው።

ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው የሄድኩት። ስልኬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። ውሃ ስጠይቅ ሰዎች መስኮት ይዘጉብኛል፣ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ። ያን ሁሉ መንገድ እየተራመድኩ ለወንድሜ ምክንያት ስፈልግለት ነበር። ግራ ገብቶት ነው፣ እናት አይደለችም ወይ፣ እኔም ብሆን... እያልኩ። ለእማዬም አገኘሁላት። አቅሏን ስታ ነው፣ አታውቅም አልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሆስፒታሉ ደረስኩ።

በሩ ላይ ያለችው ነርስ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ግራ ገባት።

"አሁን አይደል እንዴ የወጣሽው? ደግሞ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ አቧራ የለበስሽው?"

አልፌያት ገባሁ።

እማዬ ማሽኑ ተሰክቶላት ተኝታለች። ፊቷ ቀልቷል። የእግሯ እብጠት ጎድሏል። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ተርፋለች።

ዓይኗን ገለጠች።

"መጣሽ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"እማዬ... አወቅሽኝ?"

"ልጄን አላውቅም እንዴ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ጥሎኝ እንደሄደ፣ መንገድ ላይ እንዴት እንዳደርኩ እያለቀስኩ ነገርኳት። ከዚያ በነፃ እጇ ፀጉሬን ዳበሰችኝ።

"ወንድምሽን አትቀየሚው" አለችኝ። "እሱ እንቢ ብሎ ነበር።"

አባባሏ ሲገባኝ እጇ ገና ፀጉሬ ላይ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። የሁለት ሰው ኮቴ ነው። ወንድሜ አንድ ነገር አወራና አንዲት ሴት ሳቀች። ወንድሜም አብሯት ሳቀ።

የሴቲቱን ሳቅ አወቅኩት። የኔ ሳቅ ነው።

እማዬ እጇን ከፀጉሬ ላይ አነሳች።

"ሂጂ ልጄ" አለችኝ። "ሳታይሽ ሂጂ።"

የበሩ እጀታ መዞር ጀመረ... እማዬም ከእኔ ዞር ብላ፣ ወደ በሩ እያየች፣ ፈገግ አለች።