የማይፈስ ክሬም

ጁማና ብልቃጡን ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አነሳችና ክዳኑን ከፍታ ዘቀዘቀችው። ነጩ ክሬም ለአፍታ እንኳ ሳያንገራግር ተንሸራቶ መዳፏ ላይ ዝርግፍ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው? ወተት ነው እንዴ?» አለች፤ እጇን ማጠቢያው ላይ እያራገፈች።

«ኮንዲሽነር ነዋ!»

«በናትሽ ታስኒም፣ ልጆቹ ይስቁብናል። እኛ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚገዙ ታውቂ የለ? ከፍተው ይገለብጡታል። ከፈሰሰ ‹ውሃ ነው› ብለው ጥለውሽ ይሄዳሉ።»

«ማወፈር ቀላል ነው» አለች ታስኒም፤ ገና ትኩስ የሆነውን ድስት እያጠበች። «ያንን ሰም የሚመስል ነጭ ፍርፋሪ ጨመር ማድረግ ነው። ግን ፀጉር ላይ ይቀራል። እርጥብ ሳለ ማበጠሪያው አይሄድልሽም፤ ሲደርቅ ደግሞ ሻማ የተቀባሽ ትመስያለሽ። ይሄ ቀጠነ እንጂ ሥራውን ይሠራል።»

«አንቺ ስለ ሥራው ታስቢያለሽ፤ እነሱ የሚገዙት በዓይናቸው ነው።»

ታስኒም ድስቱን አለቅልቃ ደፋችው። ይህን ክሬም የጀመረችው ለሽያጭ ብላ አልነበረም። እናቷ ለነርስነት ሥራ ኩዌት እስክትሄድ ድረስ ፀጉሯን የምታበጥርላት እሷ ነበረች፤ በአንድ እጇ ከሥሩ ይዛ፣ በሌላው ከጫፉ ጀምራ፣ ቀስ እያለች። ከዚያ በኋላ የሚይዝላት ሁለተኛ ሰው ጠፋ። ብቻዋን ስትታገል ክንዷ ይዝላል፣ የማበጠሪያው ጥርስ ይሰበራል፣ ፀጉሯም በእፍኝ ይነቀላል። አባቷ የእስክንድርያ ትራም ነጂ ነው፤ ደክሞት ይገባል፤ ደግሞስ የሴት ልጅ ፀጉር ምኑን ያውቀዋል? ስለዚህ ከኢንተርኔት እያየች፣ ከኬሚካል ሻጩ ትንሽ ትንሽ እየገዛች መሞከር ጀመረች። ውሃውን በአንድ ድስት፣ ዘይቱንና ሰሙን በሌላ ድስት አሙቃ፣ አዋህዳ እስኪቀዘቅዝ ትመታዋለች። አንዳንዴ ይለያይባታል፤ አንዳንዴ እንደ እርጎ ይቋጥርባታል። ስንቱን ደፍታ አንድ ቀን ማበጠሪያው ከሥር እስከ ጫፍ ሳይቆም ወረደላት። ያን ቀን የምታሳየው ሰው ፈልጋ ክፍል ከክፍል ዞረች። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

ትምህርት ቤትም ቢሆን ከጁማና በቀር ማንም አልነበራትም። ገና ተዛውራ በመጣች ሰሞን ልጆቹ «ሽቦ» የሚል ስም አወጡላት፤ ድስት የሚፈገፈግበትን ሽቦ ማለታቸው ነው። ዴስኳ ላይ ደፍራ የተቀመጠችው ጁማና ብቻ ናት፤ ጥቅልል ፀጉሯን በየጠዋቱ በጋለ ብረት የምታስተኛው፣ ሁሉም የሚወዳት ጁማና። ለምን እንደመረጠቻት ታስኒም እስከ ዛሬ አልገባትም። እንዳትጠይቅ ደግሞ ፈራች።

«እሺ ተይው» አለች ጁማና፤ ብልቃጦቹን ከረጢቷ ውስጥ እየከተተች። «ቤት ወስጄ ስም እለጥፍባቸዋለሁ። አንቺ ሥሪ፤ መሸጡን ለኔ ተይልኝ።»

የትምህርት ሳምንት በሚጀምርበት በእሑድ ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ የክፍሉ ልጆች ከደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። ጁማና አንዱን ብልቃጥ ከፈተችና ሁሉም እያዩ ዘቀዘቀችው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ነቀነቀችው፤ አሁንም የለም።

«አቤት ውፍረት! ይሄማ ቅቤ ነው!» አለች አንዷ።

ታስኒም ደነገጠች። የእሷ ክሬም እንዲህ ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም። የጁማናን እጅጌ ጎተት አድርጋ «ምን አደረግሽበት?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት፤ በቃ። አሁን ፈገግ በይ፣ እያዩሽ ነው።»

ፍሪጅ እንዲህ እንደማያደርገው ታስኒም ታውቃለች። ነገር ግን ልክ በዚያው ቅጽበት አንዲት የክፍሏ ልጅ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ «ቱሱ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። አንቺ ነሽ አሉ የሠራሽው?» አለቻት። ቱሱ! ሌላ ስም አወጡላት፤ ያውም የሚያቆላምጥ። ፉል ካለበት ዳቦ ላይ ቆርሰው ሰጧት። ታስኒም ልቧ እያወቀ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በዚያ ሰሞን ክሬሙን ቦርሳ ውስጥ ይዞ መዞርና ከስፖርት በኋላ ፀጉር መነካካት ፋሽን ሆነ። እናቷ ስትደውል «ጓደኛ አገኘሽ ወይ?» ብትላት «ሞልቶኛል እማዬ» አለቻት፤ ስትናገረውም ደስ አላት።

ጥቂት ሰንብቶ ሲድራ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ ውሃ መጠጫው ጋ ጠበቀቻት። ትንሽ ልጅ ናት፤ ቦርሳዋ እሷን ያህላል። ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባዋለች። ከእሷ የሚበልጡትን ሁሉ፣ እትዬ እንደማለት፣ «አብላ» ነው የምትለው።

«አብላ ታስኒም፣ ክሬሙን የምትሠሪው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ። ምነው?»

ሲድራ ግራ ቀኝ አየችና ሻርፗን ገለጥ አደረገች። ጥቅልል ፀጉሯ ላይ ገንፎ የደረቀበት ይመስል ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። ቆዳዋ ከማከክ ብዛት ቀልቷል፤ ቦታ ቦታው ላይም ቆስሏል።

«ብታጠብ ብታጠብ እምቢ አለኝ። ሲደርቅ ይረግፋል። ክፍል ውስጥ ‹ወፍጮ ቤቷ መጣች› ይሉኛል።» ከቦርሳዋ ብልቃጡን አወጣች። «ምናልባት አጠቃቀሙን ሳላውቅበት ቀርቼ ይሆናል ብዬ ነው። አልተቆጣሁም።»

ያ «አልተቆጣሁም» ያለችው የታስኒምን አንጀት በላው። ብልቃጡን ተቀብላ ስትከፍተው የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ጀማምሮታል። በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው፤ መንሸራተት ሲገባው ተጣበቀ። የበቆሎ ስታርች ነው። በውሃ ተበጥብጦ፣ እሳት ላይ ተገንፍቶ፣ ከእሷ ክሬም ጋር ተለውሷል። እንዳይበላሽ የምትጨምረውን መድኃኒት የለካችው ለራሷ ክሬም ነበር፤ በላዩ ለተጨመረው ሙቅ የሚበቃ አልነበረም።

«ከአጠቃቀምሽ አይደለም» አለቻት። «ከእንግዲህ እንዳትነኪው። ለብ ባለ ውሃ አለስልሰሽ እጠቢው፤ ማሳከኩ ካልተወሽ ለእናትሽ ንገሪና ሐኪም ታሳይሽ።»

ጁማናን ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት።

«ስታርች ጨምረሽበታል» አለቻት።

ጁማና ሳቀች፤ የታስኒምን ፊት ስታይ ግን ሳቋን አቆመች። «እና ምን ይሁን? ሴቱ ሁሉ ፀጉሩን ለማስተኛት ስታርች ይቀባ የለ? አክስቴ በየሳምንቱ ነው የምትቀባው።»

«ቀብታ ወዲያው ታጥበዋለቻ! በብልቃጥ አታስቀምጠውም! ሻግቷል እኮ ጁማና። የልጅቷ ራስ ቆስሏል።»

«የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ማን ይሰማታል? ክዳኑን ሳትገጥም መታጠቢያ ቤት ትታው ውሃ ገባበት እንላለን። ከጠየቁሽ እንደዚያ በይ፤ አለቀ።» ጁማና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ካልሆነ ግን አላውቅሽም። እኔ ሳልመጣ በፊት አጠገብሽ ማን ነበር የሚቀመጠው? እስኪ አስታውሺ።»

ታስኒም ማስታወስ አላስፈለጋትም። ጠዋት ገብታ ከሰዓት እስክትወጣ ቃል ሳትተነፍስ የዋለችባቸውን ቀናት፣ እዚያ ጭር ያለ ቤት ደርሳ በራሷ ድምፅ የደነገጠችበትን ጊዜ መቼም አትረሳውም። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ የእሷ መድኃኒት ደግሞ አንዲት ጁማና ብቻ ነበረች። እሷን ከማጣት የበለጠ የምትፈራው ነገር አልነበረም።

ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ እየተንጫጩ ገቡ። መምህሯ ገና አልደረሰችም። ታስኒም ከቦርሳዋ ባዶ ፌስታል አወጣችና ከፊተኛው ዴስክ ጀመረች።

«ክሬሙን መልሱልኝ። ቤት ያስቀመጣችሁም ነገ አምጡ። ተበላሽቷል።»

«የኔ ደህና ነው! ይኸው አይፈስም።»

«የማይፈሰው ስታርች ስላለበት ነው። የሰባተኛ ክፍሏን የሲድራን ራስ አቁስሏል። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

«ታዲያ ማነው የጨመረው?»

ጁማና መስኮቱን ትኩር ብላ ታያለች፤ ጆሮዋ ቀልቷል።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ታስኒም። «እንደተቀየረ አይቼ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ። ሌላ እሠራላችኋለሁ። እሱ ይፈሳል። የማይፈልግ አይውሰድ።»

«ሽቦ ወደ ሽቦነቷ ተመለሰች!» አለች አንዷ ከኋላ። ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ታስኒም ጥርሷን ነክሳ ፌስታሉን ከዴስክ ወደ ዴስክ ይዛ ዞረች፤ አንዳንዷ በእጇ ሰጠቻት፣ አንዳንዷ ወረወረችላት።

በመጨረሻ ራሷ ዴስክ ጋ ደረሰች። ጁማና ቀና ሳትል ቦርሳዋን በክርኗ ገፋ አደረገችላት። ታስኒም ብልቃጡን አውጥታ ፌስታሉ ውስጥ ልትጥለው ስትል፣ ውስጡ ሲናወጥ እጇ ላይ ተሰማት። ክዳኑን ከፈተችው። ክሬሙ ከጎን ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ሽታው ንጹሕ ነው። ለራሷ ባስቀረችው ላይ ምንም አልጨመረችበትም። ግማሽ ድረስ ተጠቅማበታለች።

ሁለቱም ብልቃጡን አዩት።

ታስኒም ክዳኑን አጥብቃ ገጠመችና ብልቃጡን ጁማና ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«ይሄ ደህና ነው» አለቻት። «ተጠቀሚበት።»

ከዚያም ደብተሮቿን ሰብስባ ማንም ወዳልተቀመጠበት የኋላ ዴስክ ሄደች።