ያልወደቀችው ማግኔት

ጡረታ የወጣችው የፊዚክስ መምህርት በሥራ ክፍሏ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር በጀርባዋ ተዘርራ ሞታ ተገኘች። የጠረጴዛው ጠርዝ ደም ነክቶታል።

«አዳልጧት ነው። ዶሴውን ዝጊው» አለ የፖሊስ አለቃው።

«ሳላጣራ አልዘጋም» አለች መርማሪዋ። እሳት የላሰች ናት፤ አለቃው ቢያፈጥባትም ዞር ብላ አላየችውም። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምስር የምታህል ማግኔት በሁለት ጥቁር ሰሌዳዎች መካከል፣ ምንም ሳይነካት አየር ላይ ቆማለች። ከበላይዋ ትልቅ ማግኔት በክር ተንጠልጥሏል።

«ምን ደግፏት ነው የቆመችው?»

«ሰሌዳዎቹ ግራፋይት ናቸው፣ የእርሳስ ልብ የሚሠራበት» አለች የሟቿ ልጅ። «ማግኔትን በጥቂቱ ይገፋሉ። ትልቁ ወደ ላይ ይስባታል፤ እነሱ መሃል ላይ ያቆሟታል። እሷን ለማቆም እማዬ ሳምንት ሙሉ ፈጀባት። አጠገቧ ማስነጠስ እንኳ ክልክል ነበር።»

የሟቿ ወንድም ጥግ ይዞ ተቀምጧል። «ትናንት ተጨቃጭቀናል፣ አልደብቅም» አለ። «ከትልልቅ ሰዎች ጋር አትጋፊ አልኳት። እህቴ እንቢ ካለች እንቢ ነው።»

ለፖሊስ የደወለው የሟቿ የድሮ ባልደረባ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ረጋ ብሎ ተናገረ። «ልጠይቃት መጥቼ በሩን ስከፍት፣ ዓይኔ እያየ ወደቀች። ጭንቅላቷ ጠረጴዛውን ሲመታው ክፍሉ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልነካም፤ እዚሁ ቆሜ ጠብቄያለሁ።»

መርማሪዋ ወደ በሩ ሄዳ ምንጣፉን ገለጥ አድርጋ አየች። የበሩን የብረት ደፍ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ልብ ብላችሁ እዩ።» የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ መታ አደረገች። ክሩ ተወዛወዘ፤ ትንሿ ማግኔት ተንሸራታ ወደቀች።

«ጣት የጣላትን ማግኔት የሰው ጭንቅላት እንዴት ሳይጥላት ቀረ? መምህርቷ እዚህ አልወደቀችም። የበሩ ምንጣፍ ተገልብጦ ነው የተነጠፈው፤ ከሥሩ ደም አለ። ደፉ ታጥቧል፣ ገና እርጥብ ነው። እዚያ ገፍቶ የጣላት ሰው ተሸክሞ አምጥቶ በቀስታ አስተኛት፤ ጠርዙንም ደም ቀባው።»

«ማግኔቷን መልሶ ያቆማት ቢኖርስ?» አለ አለቃው።

«ሳምንት ይፈጃል ተብሏል። ደግሞም ማንም ምንም አልነካም ያሉት ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው። እዚህ ስትወድቅ አየሁ ያሉትም እሳቸው ብቻ።»

ፕሮፌሰሩ ወለል ወለሉን አየ። «ያሳተምኩት ጥናት የሷ ነበር» አለ። «ነገ በሚካሄደው የሳይንስ ጉባኤ ላይ ልታጋልጠኝ ነበር። ዝም በይ ብዬ ለመንኳት። በሩን ከፍታ ውጣ አለችኝ። ገፋኋት።»

ይዘውት ሲወጡ ልጅቷ አላለቀሰችም። «ነገ ጉባኤው ላይ እኔ ሄጄ እናገራለሁ» አለች።

«አያስገቡሽም» አለ አጎቷ።

«ካላስገቡኝ ደጃፉ ላይ ቆሜ እናገራለሁ።»

 አጎቷ ተነስቶ ኮቱን ለበሰና «በስንት ሰዓት ነው?» አላት።