ቡሬ ያልበላችው መጽሐፍ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ሙሴ፣ ያንን ሸንኮራ ከአፍህ አውጣና ተቀመጥ። አንቺ ፅጌረዳ፣ የሰው ሹሩባ አትጎትቺ። ጸጥ! ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንማረው እኔ ጓሮ ነው፤ ጫጫታችሁ አጥሩን ካለፈ ነገ ጓሮውም ይታሸጋል። አውቃለሁ፣ ከሁላችሁም የምጮኸው እኔ ነኝ። እኔ ግን አጎት ነኝ፣ ይፈቀድልኛል።

ያለምወርቅ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው። ቤቷ እዚሁ ጂንካ፣ አውሮፕላን ሜዳው ዳር ነው። የእህቴ ልጅ ስለሆነች ክፉ ላወራባት አልፈልግም፤ ክፉ ስለሠራች ግን አወራለሁ።

ያለምወርቅ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ጎበዝ ናት። ጎበዝ መሆኗን ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። ከጎኗ የምትቀመጠው አስካል ናት። አስካል ከወይጦ ወንዝ ዳር የመጣች የፀማይ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ ጂንካ አክስቷ ጋ ትኖራለች። መጽሐፍ ስለማይበቃ ለሁለት ልጅ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር የሚሰጠው። አንድ ቀን አንዷ፣ አንድ ቀን ሌላዋ ይዛው ትገባለች።

የአስካል አባት አቶ ኤርጎ ከብት አርቢ ናቸው። "እንግሊዝኛ ከከበዳት ወደ ቤቷ ትመለስ። ፍየሎቹ በእንግሊዝኛ አይጠሩም" ብለዋል። ስለዚህ አስካል ታጠናለች። ቤት ፀማይኛ፣ ገበያ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ! እናንተ በአንዱም ትንተባተባላችሁ።

አንድ ሐሙስ ቀን ቲቸር አበራ አዲስ ትምህርት ጀመሩ። መጽሐፉ ላይ ሁለት ሰዎች ወንዝ ዳር ቆመው ያወራሉ። "ካን ዊ ክሮስ ዘ ሪቨር?" ይላል አንዱ። ወንዙን መሻገር እንችላለን ወይ፣ ማለቱ ነው። ሌላው "ዊ ሜይ" ብሎ ይመልሳል። ምን ታፈጣላችሁ? ከአራተኛ ክፍል የወጣ ሰው እንግሊዝኛ አያውቅም ያለው ማነው? "ካን" ማለት መቻል ነው። "ሜይ" ደግሞ ቁርጡን ያላወቀ ሰው የሚናገራት ናት።

"ነገ ይህንን ትፈተናላችሁ" አሉ ቲቸር አበራ።

መጽሐፉ በዚያን ሰዓት ያለምወርቅ እጅ ነበር። የማታው ተራ ግን የአስካል ነው። ታዲያ ቲቸር አበራ ረቡዕ ዕለት "አነባበብ ከአስካል ተማሩ" ብለው ነበር። ይቺ ነገር ያለምወርቅን አልዋጥ ብላታለች። "ነገ እኔ ብቻ ብመልስስ?" አለች በልቧ። ልጆች፣ "እኔ ብቻ" የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ሰይጣን ከኋላችሁ ቆሟል።

ያለምወርቅ እየሮጠች ቤት ገባች። መጽሐፉን ማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው።

አስካል መጣች። "መጽሐፉስ?"

"ላም በላችው።"

"የማን ላም?"

"የአጎቴ። ቡሬ። ሜዳው ላይ ሣር ላይ ባስቀምጠው፣ ዞር ስል የለም።"

የእኔን ቡሬ! ወተቷን ጠጥታ ያደገች ልጅ! አስካል ግን አመነች። ያን ሜዳ ታውቁታላችሁ፤ አውሮፕላን በሌለበት ቀን የከብት ነው። ባለፈው የጤና ጣቢያዋን ነርስ ነጠላ እንኳ ግማሹን በልተውታል። አስካል ዓይኗ እንባ ሞላ፤ "ምን ይደረጋል" ብላ ሄደች።

ዓርብ ቲቸር አበራ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "መጽሐፍ የተካፈላችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመልስ።"

ያለምወርቅ ደረቷን ነፍታ ጠየቀች። አስካል ዝም። እንደገና ጠየቀች። ዝም። ያለምወርቅ ጨነቃትና ወደ ግራ ዞራ ጠየቀች፣ ወደ ቀኝ ዞራ ለራሷ መለሰች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። "ለብቻዋ ታወራለች!" ሁለቱም ከአሥር ሁለት አገኙ።

ከሰዓት ቲቸር አበራ እኔ ጋ መጡ። "ላምዎ የመንግሥት መጽሐፍ በልታለች።"

"ቲቸር፣ ቡሬ አንደኛ ክፍልም አልገባችም" አልኳቸው። አፏን ከፍተን አየን። ምን ልናይ እንደፈለግን እንጃ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። አቶ ኤርጎ ከወይጦ በጭነት መኪና መጡ። ሁለት ከአሥር የሚለውን ሰሙ። "በይ፣ ልብስሽን ሰብስቢ" አሏት አስካልን። አስካል አልተከራከረችም። ልብሷን ጠቅልላ መኪናው ላይ ወጣች።

ያለምወርቅ ከአጥር ሥር ሆና ታያለች። ሞተሩ ተነሣ። አስካል በእጇ ሰላም አለቻት። እንዴ፣ ብትሰድባት ይሻላት ነበር! ያለምወርቅ ወደ ቤት ሮጠች፣ ጆንያውን ዘረገፈችው፣ ማሽላው መሬት ላይ ፈሰሰ። መጽሐፉን ይዛ መኪናው ፊት ቆመች።

"አባባ ኤርጎ! አስካል አቅቷት አይደለም! እኔ ነኝ የደበቅኩባት!"

"ላሟስ?" አሉ።

"ላሟ ምንም አልበላችም። ዋሸሁ። ይቅርታ፣ አስካልዬ!"

"ይኸው! ቡሬ ነጻ ወጣች!" ብዬ ከቆመው ሰው መሃል ጮህኩ። ማንም አልሳቀም። እኔም አፈርኩ፤ ልጅቷ መጽሐፉን ለአስካል ዘርግታ እንደ ቆመች ናት።

አቶ ኤርጎ ከመኪናው ወረዱ። "ክፉ ሠርተሻል" አሏት። "ግን መኪና ፊት ቆመሽ ተናገርሽ።" ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረው፣ "ሂድ አንተ፣ እኛ እስከ ሰኞ እዚሁ ነን።"

ያለምወርቅ ቲቸር አበራም ቤት ሄዳ ተናዘዘች። እሳቸው እንደገና ሊፈትኑ ተስማሙ፤ እሷ ደግሞ የክፍሉን የተቀደዱ መጻሕፍት በሙሉ እንድትለጥፍ ፈረዱባት። ሁለቱ ልጆች እስከ እሑድ ማታ አንድ መጽሐፍ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ዋሉ።

ሰኞ እኔና አቶ ኤርጎ በክፍሉ መስኮት አጮልቀን እናያለን። ቲቸር አበራ መጽሐፉን ዘጉት። "ወንዙ ሞልቷል እንበል። ካን ዩ ክሮስ?"

"ዬስ፣ አይ ካን!" አለች ያለምወርቅ ቀድማ። ጉራ በሁለት ቀን አይለቅም።

አስካል ራሷን ነቀነቀች። ወይጦ ወንዝ ሲሞላ ማንም ለብቻው አይገባም። ሰው የእጅ አንጓ ለአንጓ ይያያዛል፤ ጠንካራው ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ ትንሹ መሃል። አስካል የያለምወርቅን አንጓ ጨምድዳ ያዘች። "ኖ። ዩ ካንት። አይ ካንት። ዊ ካን።"

ያለምወርቅ እጇን አየች። "ዊ ካን" አለች ቀስ ብላ።

"ምን አለች?" አሉኝ አቶ ኤርጎ።

"'አንቺም እኔም ለየብቻ አንችልም፤ አብረን እንችላለን' አለች።"

"ይሄንንማ ወይጦ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል! ለዚህ ነው ጂንካ ድረስ የላክኋት?"

አስካል ከአሥር ዘጠኝ፣ ያለምወርቅ ሰባት አገኙ። ሰባት ያገኘችው ይበልጥ ዘለለች።

ልጆች፣ ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ጓደኛን ጥሎ አንደኛ ከመውጣት፣ ጓደኛን ይዞ መሻገር በእግዚአብሔር ፊት ይበልጣል።

የአቶ ኤርጎ ክርክር ግን ገና አላለቀም። ደጅ ላይ ልጃቸውን ጠበቋት። "የዛሬውስ ይሁን። ሰኔ ላይ ትልቁ ፈተና አለ። ልትወድቂ ትችያለሽ እኮ!"

"ላልፍም እችላለሁ፣ አባዬ" አለቻቸውና ተመልሳ ክፍሏ ገባች።