ከኋላ ቆሞ መጮህ አይከለከልም

«ማንም እንዳይወጣ፤ ቁጭ በሉ» አለ ዘካሪያ። ራሱ ግን ቆሞ ቀረ።

ኢዲል ከትምህርት ቤት እንደወጣች የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ነበር የመጣችው። ከወንድሟ ከዘካሪያ ስቱዲዮ መስኮት ሥር ተቀምጣ የማንጎ ጁሷን ትጠጣለች። ስቱዲዮ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለች አንዲት ሰፊ ክፍል፣ ሙቀቱን ከወዲያ ወዲህ ከማመላለስ በቀር ሌላ ጥቅም የሌለው ቬንትሌተር፣ ሰባት ኮምፒውተርና ሰባት ወጣት፤ ያ ነው ስቱዲዮው። እነዚህ ወጣቶች ግን ለአንድ የውጭ አገር ኩባንያ የመኪና ውድድር ጌም ይሠሩ ነበር። መንገዱን ይስላሉ፣ ሞተሩን ያስጮሃሉ፣ ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ይነዱታል። እንዲህ ያለ ሥራ ድሬዳዋ ውስጥ እንደሚሠራ የሰማ ሁሉ «ወላሂ በል!» ሳይል አያልፍም።

«ፕሮጀክቱን አቁመውታል» አለ ዘካሪያ። «እኛ አጥፍተን አይደለም። ኩባንያው ራሱ ከስሮ ሠራተኞቹን እየበተነ ነው። የዚህ ወር ደሞዛችሁ አለ። ከዚያ በኋላ ግን...» ጉሮሮውን ጠረገ። «ከዚያ በኋላ ከሰባታችን ሦስት ብንቀር ነው።»

የኢዲል ዓይን ሳታዘው ወደ ዮርዲ ሄደ። ከሁሉም በኋላ የተቀጠረችው ዮርዲ ነበረች፤ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ እንደሚወጣ ደግሞ ማንም ያውቃል። ኢዲልን ኮምፒውተር ላይ መሳል ያስተማረቻት እሷ ናት። «ይሄ እግር ነው ወይስ ሙዝ?» እያለች በሣቅ የምትገድላት ልጅ አሁን አንገቷን ደፍታ የኪቦርዷን አቧራ በጣቷ ትጠርጋለች።

«ሻሑስ?» አለ አንዱ ልጅ ከኋላ።

ሁሉም ቀና አሉ። ሻሕ የራሳቸው ጌም ነበር፤ ከውጭው ሥራ በሚተርፋቸው ሰዓት የሠሩት። ጨዋታውን በድሬ ጥላ ሥር ያረፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መሬት ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሆኑ አራት ማዕዘኖች ይሠመራሉ። አንዱ በጠጠር፣ ሌላው በቆርኪ ይገጥማል። ሦስቱን በአንድ መስመር ያሰለፈ ከባላጋራው አንድ ያነሳል። እነ ዘካሪያ ይህንኑ ስልክ ላይ አምጥተውታል፤ ሁለት ሰዎች የትም ሆነው ይጋጠሙበታል።

«ወይዘሮ ቃሊ ሐሙስ ከጅቡቲ በባቡር ይመጣሉ» አለ ዘካሪያ። ወይዘሮ ቃሊ ስልክ አስመጪ ናቸው። በሚሸጡት ስልክ ሁሉ ላይ የሚጫን አንድ የአካባቢው ጌም ይፈልጋሉ። «ከወደዱት ማንም ከዚህ ክፍል አይወጣም።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ኢዲል፣ አንቺና ጓደኞችሽ ስትጫወቱት ከርማችኋል። ደስ ይላል አይደል?»

የሁሉም ዓይን እሷ ላይ አረፈ። የዮርዲም።

«ማሻአላህ! በጣም!» አለች ኢዲል።

ዋሸች። ጌሙን የጫነች ቀን ጥቂት ሞክራው፣ አንዱን ጨዋታ እንኳ ሳትጨርስ ዘግታዋለች። ጓደኛዋ ሂቦ አምስት ኮከብ ሰጥታ በዚያው ቅጽበት አጥፍታዋለች። «ለወንድምሽ ብዬ ነው እንጂ ደባሪ ነው አቦ» ነበር ያለቻት። እናታቸው አንዴም ሳትከፍተው ለጎረቤቱ ሁሉ ታወድሰዋለች። የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ፣ ሁሉም «ማሻአላህ» ብሏል። የውጭ ሰዎቹ ጥፋት ሲያዩ ያለ ምንም ይሉኝታ ሥራውን ይመልሱት ነበር። ድሬ ግን የገዛ ልጇን ሥራ በምን አንጀቷ ታጣጥለው? ዘካሪያ የሰበሰበውን ምርቃት ሁሉ ምስክርነት አድርጎ ቆጥሮት ተቀምጧል።

ዮርዲ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘቻት። «ታውቂያለሽ፣» አለቻት እየሣቀች፣ «ሌላው ሰው ያለውን አላምንም። አንቺ ደስ ካለሽ ግን እኔም አልፈራ።»

ኢዲል ግማሽ ደረጃ ከወረደች በኋላ እግሯ እምቢ አላት። ዘካሪያ ካሁኑ ቢያውቅ ይሻላል ወይስ ሐሙስ ከእንግዳዋ አፍ ቢሰማው? ዛሬ ብትነግረው ልቡ ይሰበራል። ዝም ብትል ደግሞ ዮርዲ ትወጣለች፤ ያውም እሷን አምና። ተመለሰች። ዘካሪያ ብቻውን ሰገነቱ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ዘኪ፣ ዋሽቼሃለሁ» አለችው። «ጌሙ ደባሪ ነው። ሂቦም አጥፍታዋለች። ማንም አይጫወተውም።»

ፊቱ ቅጭም አለ። «አሁን ነው የምትነግሪኝ? ሴትየዋ መንገድ ልትጀምር ስትል?»

«ሁሉም ሰው ማሻአላህ ሲል እኔ ብቻዬን ምን ልበል?»

«ምኑ ነው ታዲያ የደበረሽ? ሥዕሉ? ፍጥነቱ?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ!» አለ ዘካሪያ። «እንደሱ ማለትማ ሁሉም ሰው ይችላል። ሂጂ አቦ፣ ቤት ሂጂ!»

ኢዲል እንባዋን በደንብ ልብሷ እጅጌ እየጠረገች በለገሃሬ በኩል ወረደች። ከባቡር ጣቢያው በታች፣ ከአንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር እንደወትሮው ሰው ተሰብስቧል። ሁለት ሽማግሌዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ሻሕ ይጫወታሉ። በዙሪያቸው የቆመው ሁሉ ይጮሃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚጮኸው የእናቷ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ሲያድ ነው።

«ወሪያ! በግራ ዝጋው! በግራ እኮ ነው የምልህ! ይሄን ሰውዬ ማን ነው ቁጭ ያደረገው?» ከዚያ ኢዲልን አያት። «ናያ ኢዲል! ማነው ያስለቀሰሽ? ንገሪኝ፣ አሁኑኑ... ኧረ በግራ!»

ኢዲል ከነእንባዋ ሣቀች። እንዲህ ነው ሻሕ። የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ የሚያሸንፈውና የሚሸነፈው ግን መንደሩ ሁሉ ነው። ተመልካች ይመክራል፣ ይሳሳታል፣ ያሳስታል፣ ይሰደባል፤ ተቆጥቶ የሚያባርረው የለም። ሣቋ ድንገት ቆመ። ስልኳን አወጣችና የወንድሟን ጌም ከፈተች።

«አብቲ፣ እስቲ ይሄን ሞክር» አለችው አጎቷን።

አብቲ ሲያድ ስልኩን ተቀብሎ ጥቂት ነካካው። ዓይኑ ግን መሬት ላይ ወዳለው ጨዋታ እየሸሸ አስቸገረው። «ጥሩ ነው፣ ማሻአላህ» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ራሱን አከከ። «ግን ሰዎቹስ የት አሉ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የሚጮኹት ነዋ! ብቻዬን እንደታሰረ ሰው ልቀመጥ?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህ ጌም ግን የነቀዘው በዝምታው ነበር። እነ ዘካሪያ ለውጭ ሰዎች ሲሠሩ ድምፅ መቀነስ፣ ስክሪኑን ማጽዳት፣ ተጫዋቹን አለመረበሽ ለምደዋል። ሻሕንም እንደዚያው አጥበው አጥበው፣ አብሮ የሚጫወተውን መንደር ከእድፉ ጋር ደፍተውታል።

ኢዲል ወደ ዮርዲ ደወለች። «ቶሎ ነይ፣ ለገሃሬ ዛፉ ሥር። ዘኪንም ጎትተሽ አምጪው።»

ዘካሪያ ፊቱን እንዳጠቆረ መጣ። እጁን አጣምሮ ከሰዉ ኋላ ቆመ። ኢዲል ምንም አልነገረችውም። አንዱ ሽማግሌ ቆርኪውን አንስቶ ሲያመነታ ዘካሪያ ጥቂት ታገሰ፤ እጁን ፈታ፤ በጣቱ ጫፍ ቆመ።

«ወደ ላይ! ወደ ላይ አባባ!» ብሎ ጮኸ ዘካሪያ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ዘካሪያ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ወደ እህቱ ተመለከተ፤ እሷ ደግሞ ትከሻዋን ብቻ ሰበቀች። ዮርዲ በሣቅ ዛፉን ተደግፋለች።

«ተመልካች» አለ ዘካሪያ ቀስ ብሎ። «ያ አላህ! ተመልካቹን ረስተነዋል።»

«ለመኪናው ጌም የድምፅ መነጋገሪያ ስሠራ ፀጉሬ ሊሸብት ነበር፤ አሠራሩን አሁን አውቀዋለሁ» አለች ዮርዲ። «እስከ ሐሙስ እንደምንም ይደርሳል።»

ደረሰም። ሰባቱ ተረዳድተው፣ እየተጨቃጨቁ፣ ሳንቡሳ በኮምፒውተር ፊት እየበሉ አደረሱት። ኢዲል ከትምህርት ቤት መልስ ከነሂቦ ጋር እየሞከረች የደበራትን ሁሉ ፊት ለፊት ትናገራለች። ዘካሪያም ቅጭም ይላል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ያስተካክላል። ማሻአላህ የሚለው ቃል ለጊዜው ከክፍሉ ተባረረ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ቃሊ መጡ። ቁመተ ረጅም፣ ወርቃማ መነጽር ያደረጉ፣ ቸኩለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። «ብዙ ጊዜ የለኝም» አሉና ስልኩን ተቀበሉ። ቀዩ ጠጠር የእሳቸው፣ ጥቁሩ የዘካሪያ ሆነ። ከዛፉ ሥር አብቲ ሲያድና ጓደኞቹ፣ ከየቤታቸው ደግሞ እነ ሂቦ በየስልካቸው ጨዋታውን እየተመለከቱ ነው፤ የሚናገሩት ሁሉ እዚህ ይሰማል። ዘካሪያ አጎቱን ጠዋት «ዛሬ ብቻ ጨዋ ሁንልኝ» ብሎ ለምኖታል፤ እሱም በአላህ ስም ምሎ ተስማምቷል።

መሐላው ብዙም አልቆየም።

«ኧረ ቀይ! አንተ ቀዩ!» ሲል አንባረቀ ስልኩ። «ዓይንህን ለፍየል ሸጥከው እንዴ? ወደ ላይ አቦ!»

ወይዘሮ ቃሊ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ሰውዬ የሚናገረው እኔን ነው?»

«ይ... ይቅርታ ኤዶ ቃሊ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አለ ዘካሪያ በላብ ተጠምቆ። ጣቱን ወደ ስልኩ ሰደደ።

ኢዲል ክንዱን ያዘችው። «ተወው።»

«ኢዲል!»

«ተወው አልኩህ። ሻሕ እኮ ነው።»

ከተሳሳተች ዮርዲን ከሥራ ያባረረቻት እሷ መሆኗ ነው። ወይዘሮ ቃሊ አንዴ እሷን፣ አንዴ ስልኩን አዩ። ከዚያ የመናገሪያውን ምልክት ተጫኑ።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ፤ ድምፃቸው እስከ መድኃኒት ቤቱ ሳይሰማ አይቀርም። «መጀመሪያ ሰላምታ ይቀድማል! ደግሞስ ወደ ላይ ብሄድ ጥቁሩ አያንቀኝም? ምን ዓይነት ምክር ነው?»

ከዛፉ ሥር ሣቁ ፈነዳ። «ሴት ናት ወላሂ! አፉ በይኝ እህቴ» አለ አብቲ ሲያድ። «ግን ወደ ላይ!»

«አትስሙት፣ በግራ ነው!» አለች ሂቦ ከቤቷ።

«ልጅቷ ታውቃለች!» አሉ ወይዘሮ ቃሊ። ቀዩን በግራ ገፉት። ሦስት ቀያይ ጠጠሮች በአንድ መስመር ተሰለፉ። ወይዘሮ ቃሊ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አየህ? አየህ አንተ የፍየል ነጋዴ!» ሲሉ ክፍሉ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ዮርዲ ኢዲልን አንቃ ሳመቻት። ያ ብዙ ጊዜ የለኝም ባይዋ እንግዳ አንዱን ጨርሰው ሌላ አስጀመሩ፤ ከዚያም ሌላ።

በመጨረሻ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በልጅነቴ ደወሌ ጣቢያ ባቡር ስንጠብቅ ወንዶቹ ሻሕ ይጫወቱ ነበር» አሉ። «ሴት ልጅ አትቀመጥም ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ከኋላቸው ቆሜ እጮሃለሁ። ከኋላ ቆሞ መጮህ አይከለከልማ!» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ጌሙን እወስደዋለሁ። ቀጥሎ የምትሠሩትንም ማየት እፈልጋለሁ። ያንን ጩኸት ግን ማንም እንዳይነካብኝ። ይሄን ያሰበው ማነው?»

«እህቴ ናት» አለ ዘካሪያ። «ጌምህ ደባሪ ነው ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ።»

ወይዘሮ ቃሊ ኢዲልን ከእግር እስከ ራሷ አይተው፣ «ጎበዝ እህት አለችህ» ብቻ አሉ። ያን ዕለት ከሰባቱ አንድም ሰው ዕቃውን አልሰበሰበም። አብቲ ሲያድ ግን «እኔ ባልሳደብ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር» እያለ ላገኘው ሁሉ ማውራቱን እስካሁን አላቆመም።

የክረምቱ ዝናብ የደጫቱን ደረቅ ወንዝ መሙላት በጀመረበት ሰሞን ዮርዲ ኢዲልን ጠርታ ስልክ ሰጠቻት። የቀጣዩ ጌም የመጀመሪያ ሙከራ ነው፤ በድሬ መንገዶች የሚሮጥ ባጃጅ። ሐሳቡም ሥዕሉም የዮርዲ ነው። እንቅልፍ አጥታበታለች፤ ከዓይኗ ሥር ይታያል።

«እሺ?» አለች ዮርዲ እጇን እያፍተለተለች።

ኢዲል ነዳች፣ ታጠፈች፣ ተጋጨች፣ እንደገና ነዳች። ባጃጁ ያምራል። ከዚራ ያምራል። ጥቂት ከነዳች በኋላ ግን ጣቷ በራሱ እየዘገየ መጣ፤ የሚቀጥለውን መታጠፊያ ለማየት አልጓጓችም። ቀና ስትል ዮርዲ ፈገግ ብላ እየጠበቀቻት ነው። ማሻአላህ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ኢዲል መልሳ ዋጠችው።

«ዮርዲዬ፣» አለቻት አጠገቧ ያለውን ወንበር እየሳበች፣ «እስቲ እዚህ ነይና ቁጭ በይ።»