ሁምቦ ላይ ያልተሰማችው ወፍ

ወፍ መቁጠር ደስ የሚል ሥራ ይመስላችኋል አይደል? ኧረ ተዉኝ! ሳይነጋ ከሶዶ በሚኒባስ ታጭቆ ሁምቦ መውረድ፣ ኮረብታውን በእግር መውጣት፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ነው። የተሰማው ወፍ ይመዘገባል።

መዝጋቢዋ እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚያዳምጠው አድነው የዚያው አገር ገበሬ ነው፤ ወፎቹን በድምፃቸው ይለያል። በቆጠራ ሰዓት መነጋገር ክልክል ስለሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንተያይ ከረምን። ወደድኩት፣ ምን እደብቃለሁ።

በ2007 የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሙቀቱ ባሰ፣ ወፎቹ የሚለቅሙት ትል ጠፋ፣ እነሱም ጎጆ ሳይሠሩ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ኮረብታው ባዶ ነው ከተባለ ደግሞ ቆጠራው ይቆማል፤ እኔም ራቅ ወዳለችው ገሱባ እዛወራለሁ።

ሁለት ወር በተከታታይ አድነው «ቢጫዋ ወፍ ዘምራለች» አለኝ። እኔም ጻፍኩ።

በሦስተኛው ወር፣ ልክ አሥር ደቂቃው ሲያልቅ፣ «ዛሬም ዘመረች» አለ፤ ዓይኑን ግን ሰበር አደረገ።

እስክሪብቶዬን አላነሳሁም። ደክሞኝ ነበር።

«አድነው፣ በእውነት ሰማሃት?»

ራሱን ወዘወዘ።

«እኔም አልሰማኋትም። ያን ሁለት ወርም አልሰማኋትም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽ?»

«አንተስ ለምን አልክ?»

መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ባዶ ከጻፍሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነዋ።»

«ትናንት አለቃዬ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? ‹የሁምቦ ወፍ ደህና ነው፤ እዚህ ለወፎቹ ሊቆፈር የነበረው የውሃ ኩሬ ለሌላ ወረዳ ይሁን› አሉ።»

የደረቀውን ቁልቁለት አየው፣ አየው። «እኛ ነና ወፎቹን ያስጠማናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ጻፊ። የሌለውን የለም በይ።»

የዛሬውን ባዶ ጻፍኩ። የሁለቱን ወር ሰርዤ አረምኩ፤ እሱም ከጎኑ ፈረመ። አለቃዬ ምን እንደሚሉኝ እግዜር ይወቅ።

«ሳህሊቱ፣ በቃ ሄድሽ ማለት ነው?»

ንድድ አለኝ። «አንተ ሰው! እንዳልሄድ ከፈለግህ ወፍ ከምትፈጥር አትጠይቀኝም ነበር?»

«ልጠይቅሽ ነበር እኮ» አለ፣ ፊቱን ወደ ማሳው መልሶ። «ዝናቡ ይምጣ፣ በቆሎው ይድረስና ሽማግሌ እልካለሁ እያልኩ ነው። ሁለት ዓመት ስጠብቅ።»

ሰማዩን አየሁት። ጠብ የሚል ነገር የለውም። እንባዬ መጣ፤ ከአጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ዝናቡን አትጠብቅ» አልኩት። «ለእሁድ ላክ።»